የተለጠፈ ጆሮ

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ሲወረድ፣ ተሳቢዎቹ ጥግ ይዘው ከሚያድሩበት አጠገብ፣ የጅብሪል ጎሚስታ ቤት አለ። ቤት ማለት እንግዲህ አራት ቆርቆሮ ነው። ከፊቱ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል፣ በርሜሉ ውስጥ እንደ ሻይ የጠቆረ ውሃ፣ ከጓሮው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ ኮምፕሬሰር። ሌላው ጎሚስታ ጎማ ተንፍሶ ሲመጣለት ጆሮውን አስጠግቶ፣ "ስስስ" የሚለውን ሰምቶ፣ ቀዳዳው የት እንዳለ ያውቃል። ጅብሪል አይሰማም። ስለዚህ ትልቁንም ትንሹንም ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ንፋስ ሞልቶ በርሜሉ ውስጥ ይነክረውና፣ ጎንበስ ብሎ፣ አረፋው እስኪወጣ ይጠብቃል። አረፋ አይዋሽም። አረፋው ከወጣበት ላይ ጣቱን ያሳርፍና ቀና ብሎ ይስቃል፤ የጠፋ ዘመድ ያገኘ ይመስላል።

ሹፌሮቹ ይቀልዱበታል፤ እሱም ይቀልድባቸዋል።

"ጋሽ ጅብሪል! ንፋስ ሙላልኝ!" ይላል አንዱ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ።

"አንተ ብላ፤ እኔ በልቻለሁ።"

"ሙላልኝ ነው ያልኩት እኮ!"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"

ሹፌሩ ተስፋ ቆርጦ ሊወርድ ሲል፣ ጅብሪል የንፋሱን ቱቦ ጎትቶ ከጎማው ሥር ቁጢጥ ብሏል። የቱን እንደሰማ፣ የቱን እንዳልሰማ ማንም አያውቅም። ሐሜት ሲሆን ጆሮው ይብስበታል ይሉታል። ሲመሽ ሲነጋ ከደንበኞቹ የማይጠፋው ደግሞ ቤኪ ነበር፣ የእትዬ አማረች ልጅ፣ ባለ ባጃጁ። የባጃጁ የኋላ ጎማ ቀስ እያለ የሚተነፍስ ነበርና በየጠዋቱ ሳይሞላ አይሄድም።

"ቤኪ፣ ይቺን ጎማ ካልቀየርካት አንድ ቀን መንገድ ላይ ትጥልሃለች" ይለዋል ጅብሪል።

"እሷ እኮ እንደ እኔ ናት ጋሽ ጅብሪል። አትቸኩልም። ቀስ ብላ ነው የምትተነፍሰው!" ይጮህለታል ቤኪ፣ በጆሮው አቅጣጫ እጁን እንደ ጡሩምባ አድርጎ። ያ ልጅ ሲጮህ እንኳ ጨዋ ነበር።

ይህን ጎሚስታ ነው እንግዲህ የሰፈሩ ሰው ዛሬ "ጠላቂው" የሚለው።

ጅብሪል የወሎ ልጅ ነው፣ የሐይቅ። ከተማዋም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ። እዚያ የተወለደ ልጅ መሄድና መዋኘት አንድ ላይ ነው የሚለምደው። የልጆቹ ጨዋታ ነጭ ድንጋይ ወደ ውሃው ወርውሮ፣ ያንኑ ድንጋይ ጠልቆ ከሥር ማምጣት ነበር። ሌላ ድንጋይ ይዞ የወጣ መሳቂያ ይሆናል። ጅብሪል ሌላ ድንጋይ ይዞ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ክረምት ግን ግራ ጆሮውን አመመው። እናቱ ጤና አዳም ጨምቃ ጠብ አደረገችበት፤ ዘይት አሙቃ ጠብ አደረገችበት፤ ሼሁም ዱዓ አደረጉለት። ሕመሙ ሄደ፤ መግሉ ግን እየሄደ እየመጣ ቀረ። ከመግሉ ጋር የዚያ ጆሮው መስማትም እየፈሰሰ አለቀ።

አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርና ቤተሰቡን ጠቅልሎ አቃቂ አወረዳቸው። ያኔ አሮጌው ባቡር ገና አልቆመም። ወይ ያ ባቡር! የአቃቂ ሰው ሰዓት የሚያውቀው በባቡሩ ፉጨትና በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጡሩምባ ነበር። ትንሹ ጅብሪል ግን ባቡር መምጣቱን የሚያውቀው በእግሩ ነው። ሐዲዱ ዳር በባዶ እግሩ ይቆምና፣ መሬቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ "መጣ!" ይላል። ከሌሎቹ ልጆች ቀድሞ። በኋላ ጎማ መለጠፍ ተማረ፤ የተረፈችውን ቀኝ ጆሮውን ደግሞ ኮምፕሬሰሩ በላት። የደሴዋን ነዒማን ሲያገባ፣ ነዒማ ለባሏ ስትናገር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ምን እንደበሉ፣ ማን እንደመጣባቸው፣ በምን እንደተኳረፉ፣ ከእነሱ ቤት የሚደበቅ ነገር አልነበረም።

ከሰፈሩ በታች ድንጋዩ ተፈልጦ ያለቀ፣ ባዶውን የቀረ ካባ አለ። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ይሞላል። ከላይ ሲያዩት ሰማይ የተኛበት ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ገደል ነው። በየጊዜው ሰው ይበላል። ውሃው ሰው በወሰደ ቁጥር "ጅብሪልን ጥሩ!" ይባላል፤ ዋና የሚያውቀው እሱ ነዋ። ዳር ዳሩን የወደቀ ከሆነ ያወጣዋል። ጠለቅ ሲል ግን ጆሮው እንደ ሚስማር ይወጋዋል።

ከዓመታት በፊት ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ እዚያ ሰጠመ። እናቱ ሰምታ መጣች፤ ነጠላዋን አገልድማ ከውሃው ዳር ተቀመጠች። ጅብሪል ትንፋሹን ይዞ ገባ። ወረደ፤ ጆሮው ወጋው፤ ጥርሱን ነክሶ ደግሞ ወረደ። ያን ጊዜ ቀዝቃዛው ውሃ በጆሮው ቀዳዳ ዘልቆ ገባና ዓለም ዞረችበት። ላይ የቱ ነው? ታች የቱ ነው? ጨለማው በየት በኩል እንደሚቀል ጠፋው። የጎሚስታ ነገር፣ ትዝ ያለው አረፋ ነው። ከያዘው ትንፋሽ ትንሽ ለቀቀና አረፋው የሄደበትን አይቶ ተከተለው። አረፋ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። እየተንገዳገደ፣ እያስታወከ፣ ባዶ እጁን ወጣ።

ከዳር ሲደርስ የልጁ እናት ፊቱ ቆማ ነበር። ዓይኑን እያየች አንድ ነገር አለችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ቃሏን አልሰማም። የማይሰማ ሰው አመል አለው፤ ደግመህ በለኝ ማለት ሲሰለቸው ዝም ብሎ እሺ ይላል። ጅብሪልም ቅንድቡን አነሳ፤ እኛ አገር እሺ የሚባለው እንደዚያ ነው። ሴትየዋም ዞር አለች። በኋላ፣ "ምን ነበር ያለችኝ?" ብሎ አጠገቡ የነበረችውን ነዒማን እንኳ ለመጠየቅ አፈረ። ፊት ለፊት የነገረችውን የእናት ቃል አልሰማሁም ማለት ከበደው። ረግማኝ ነው አለ በልቡ። ባዶ እጁን ከወጣ ሰው ፊት እናት ቆማ ከእርግማን ሌላ ምን ትላለች? የልጁን አስከሬን ከቀናት በኋላ ውሃው ራሱ አወጣው። እናትየዋ ተሸክማ አገሯ ገባች፤ ቃሏ ግን ያልሰማት ሰው ጆሮ ውስጥ ቀረች።

አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ጅብሪል በርሜሉን ደፋና ንጹህ ውሃ ሞላው። አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ያዘና ራሱን እስከ አንገቱ ነከረ። ነዒማ ምሳ ይዛ ስትደርስ ባሏ በርሜል ውስጥ ተደፍቷል።

"ያ ረቢ! ጅብሪል! ምን ሆነብኝ!"

ቀና አለና ውሃውን ከፊቱ ጠረገ። "ነዒማ፣ ተረጋጊና እይልኝ። አፍንጫዬን ይዤ ስነፋ አረፋ ይወጣል?"

"ከየት ነው የሚወጣው?"

"ከጆሮዬ ነዋ!"

ደግሞ ነከረ፤ ነፋ። ነዒማ አየች። ከግራ ጆሮው ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። የያዘችው ምሳ ዕቃ ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ። "በጆሮህ ትተነፍሳለህ እንዴ አንተ ሰው?"

ጅብሪል እየሳቀ ወጣ። "ቀዳዳ ነው! አየሽው? ጆሮዬ አልሞተም፤ ተበስቶ ነው። የተበሳ ደግሞ ይለጠፋል።"

በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ሄደ። ያየችው ሐኪም ዶክተር ሃሌሉያ የምትባል፣ ወጣት፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። እንዲሰማት ብላ ጠጋ ብላ ነው የምትናገረው።

"ቀዳዳ እንዳለው በምን አወቁ?"

"በርሜል ውስጥ ነክሬ።"

"ምኑን?"

"ራሴን።"

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበሯን አሽከረከረች። ከዚያ ቆጣ አለች። "ሁለተኛ እንዳይነክሩት! ውሃ ሲገባበት ነው የሚያመረቅዘው።" በመሣሪያዋ ብዙ አየችው። የጆሮው ታምቡር ተበስቷል፤ ከሥሩ ያለው ግን ደህና ነው። መለጠፍ ይቻላል አለችው።

"በምንድን ነው የምትለጥፉት? በላስቲክ?"

"በራስዎ ሥጋ። ከጆሮዎ በላይ ስስ ሽፋን አለ፤ ከእሱ ትንሽ ቆርጠን።"

ጅብሪል ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። "እሱማ ልክ ነው። ጎማን የሚይዘው የገዛ ዘሩ ነው። ሌላ ቢለጥፉበት ሲሞቅ ይላቀቃል።"

"እርስዎን ረዳት አድርጌ ልቅጠር መሰለኝ።"

ከዚያ የልቡን ጠየቃት፤ ድኖ ሲያበቃ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ይችል እንደሆነ። ዶክተር ሃሌሉያ ሳቋን አቆመች።

"ልጣፉ ከያዘ፣ እኔም አይቼ ከፈቀድኩልዎ፣ ምናልባት። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ውሃ ውስጥ ሆነው ጆሮዎ እምቢ ካለ አይታገሉት። ከታገሉት ይቀደዳል። ያን ጊዜ የሚሰሙትም ይሄዳል፤ ደግሞ መለጠፍ መቻሌንም እንጃ።"

ጆሮው ተለጠፈ፤ ልጣፉም ያዘ። ብዙ ወራት ጆሮውን እንደ እንቁላል ሲጠብቅ ከረመ። አንድ ቀን ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ከግቢው አንድ ድምፅ ሰማ። ቀጭን ነው፣ ይወርዳል፣ ይነሳል። ሬዲዮ መሰለው። ወጣ ብሎ ሲያይ ነዒማ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሰፌድ ታቅፋ ምስር ትለቅማለች። ከንፈሯ ሳይከፈት በጉሮሮዋ መንዙማ ትላለች። ከኋላዋ ቆሞ አዳመጣት።

"ነዒማ።"

ደንግጣ ዞረች።

"መንዙማ ታውቂያለሽ?"

"ከተጋባን ጀምሮ ስለው የኖርኩት ምኑን ነው ታዲያ?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልንገርህ? እያሰማሁህ!"

ጅብሪል አጠገቧ ቁጭ አለ። "እስኪ ድገሚው" አላት። እሷ ግን አፈረች፤ ሲሰማት ጊዜ ቃሉ ጠፋባት። "ደግሞም አትጩሂብኝ፤ አሁን እሰማለሁ" ቢላት፣ "ለምጄዋለሁ፤ ምን ላድርግ!" ብላ ጮኸችበት።

ያን ሰሞን ያደታ የሚባል የቢሾፍቱ ሰው ወደ ሰፈሩ መጣ። በአየር ሲሊንደር ጠልቆ መዋኘት የተማረ፣ ዝምተኛ፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነው። በካባው የሚያልቀውን ሰው አይቶ፣ ከሰፈሩ ፈቃደኞችን መርጦ ሊያስተምር ነው። ጅብሪል ሊመዘገብ ሲል ነዒማ በሩ ላይ ቆመች።

"ይህን ጆሮ ተቆርጠህ፣ ተሰፍተህ ነው ያመጣኸው። ለውሃ ልትሰጠው ነው?"

"ነዒማ፣ ሰው ሲሰጥም እየሰማሁ ልቀመጥ? ድሮ ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።"

ከበሩ ዘወር አለችለት። ከዚያ፣ "እሺ። ግን ጆሮህ እምቢ ባለ ጊዜ ትመለሳለህ። ማንም ከታች ይሁን፣ ማንም ከላይ ይቁም፣ ትመለሳለህ። ማልልኝ።"

"ወላሂ።"

ዶክተር ሃሌሉያም አይታው ፈቀደች። ትምህርቱ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ነበር። ከፈቃደኞቹ ውስጥ ሚራክል የሚባል፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ በያጅ፣ ምላሱ የማያርፍ ጎረምሳ አለ። ሲሊንደሩን ገና ሲያየው ወደ ጅብሪል ዞሮ፣ "ፋዘር፣ ኦክስጅን ተሸክመን ልንሞት ነው!" አለ።

"ኦክስጅን አይደለም፤ ተራ ንፋስ ነው" አለ ያደታ።

"የኔው ንፋስ ነው" አለ ጅብሪል፤ ሲሊንደሩን እንደ ልጅ መታ መታ አደረገው።

ያደታ ስለ ጆሮ ሲያስተምር ሁሉም ጭንቅላቱን አከከ። በወረዱ ቁጥር ውሃው ጆሮን ከውጭ ይጫናል፤ ስለዚህ አፍንጫን ይዞ፣ ቀስ ብሎ በመንፋት፣ ጆሮን ከውስጥ መሙላት ያስፈልጋል። ትንሽ ወርዶ ትንሽ መሙላት፤ ደግሞ ትንሽ ወርዶ ትንሽ መሙላት። ለጅብሪል ይህ እንግዳ አልሆነበትም። ጭነት ሲበዛ ንፋስ ይጨመራል፤ በአንዴ የሞላ ይፈነዳል። ሚራክልን ያስቸገረው ሌላ ነው። ውሃ ውስጥ አውራ ጣት ወደ ላይ ማሳየት "ልውጣ" ማለት ሲሆን፣ እሱ "አሪፍ ነው" ለማለት አውራ ጣቱን በቀሰረ ቁጥር ያደታ ጎትቶ ያወጣዋል። "ፋዘር፣ ይሄ ሰውዬ ደስታ አይወድም" እያለ ያማርራል።

የጅብሪል ስህተት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ያደታ ከውሃው ሥር ሆኖ ወደ ጆሮው እያመለከተ፣ ደህና ነህ ወይ ይለዋል። ጅብሪል መነጽሩ ውስጥ ሆኖ ቅንድቡን ያነሳል። ያደታ ደግሞ ይጠይቃል። ጅብሪል ደግሞ ያነሳል፤ ይባስ ብሎ ሰው እሺ ሲል እንደሚያደርገው ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል። ያደታ ደንግጦ አንገቱን ይዞ አወጣው።

"ለምን አትመልስልኝም?"

"መለስኩልህ እኮ!"

"በምን?"

ጅብሪል ቅንድቡን አነሳ። ያደታ መጀመሪያ ተናደደ፤ ኋላ ግን ሐይቁ ዳር ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ስማ ጋሽ ጅብሪል። ውሃ ውስጥ በቅንድብ እሺ ማለት የለም። ሁላችንም እዚያ ደንቆሮ ነን። ደህና ከሆንክ በእጅህ አሳየኝ። ካልሆንክም በእጅህ አሳየኝ። ያልሰማኸውን እሺ ብለህ አትለፈኝ።"

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ጅብሪልን የት እንደነካችው ያደታ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ጎሚስታ ቤቱ ድረስ ሰው እየሮጠ መጣ። የቤኪ ባጃጅ ካባው ገብቷል። ቤኪ ባጃጁን ከውሃው ዳር አጥቦ፣ ገብቶ ሊያስነሳ ሲል፣ ዝናብ ያራሰው አፈር ከሥሩ ተንዷል። ዳር የነበሩት ዘወር ሲሉ ውሃው ላይ የቀረው የመጥረጊያ ጨርቅ ብቻ ነው። በየት በኩል እንደሰጠመ እንኳ አንዱ ወዲህ ይላል፣ አንዱ ወዲያ ይላል።

ጅብሪል ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ታፍኗል። ያደታና ሚራክል ዕቃውን ይዘው ሲደርሱ ሰው ካባውን እንደ ቀለበት ከቦታል። እትዬ አማረች ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ለጠያቂዎች ሻይና ዳቦ የሚሸጡ ናቸው፤ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ መጥተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አይጮሁም፤ አያለቅሱም። ልጅ ውሃ ውስጥ እያለ ለቅሶ አይጀመርም። ጅብሪልን ሲያዩ ብቻ፣ "ጅብሪል፣ ልጄን አውጣልኝ" አሉት።

"እሺ እትዬ።"

ነዒማ ከሰው መሐል ክንዱን ያዘችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ ተናገረች። "ጉንፋን ይዞሃል። መሐላህን እንዳትረሳ።"

ገቡ። ሚራክል በግራ፣ ጅብሪል በቀኝ፤ ያደታ ከላይ ገመዱን ይዟል። ውሃው ከአንድ ክንድ በታች እንደ ቡና ነው። ጅብሪል ትንሽ ወረደና አፍንጫውን ይዞ ነፋ። ጆሮው አልከፈተም። ከፍ ብሎ ደግሞ ነፋ። ተዘግቷል። ደግሞ ትንሽ ወረደ። ያ የጥንቱ ሚስማር መጣ። ከሥሩ የትም ይሁን የት ቤኪ አለ፤ በጠዋት ጎማውን ያስሞላ፣ "አትቸኩልም እኮ" ብሎ የሳቀ ልጅ። ጥርስ ነክሶ ትንሽ ቢወርድ ምን አለበት? ትንሽ ብቻ። ደግሞ ከላይ እናት ተቀምጣለች፤ ባዶ እጁን ወጥቶ ከእናት ፊት መቆም ምን እንደሆነ ያውቀዋል። አንዴ ቀምሶታል። ምሰሶ እንደያዘ ሰው በአንድ ቦታ ተንሳፍፎ ቆየ። ሚስማሩ ጠለቀ። ጆሮው እምቢ አለ። ጅብሪል አውራ ጣቱን ቀሰረ፤ ማንም ባያየውም ቀሰረ፤ ገመዱን ሳብ አድርጎ ወጣ።

ራሱ ከውሃው ብቅ ሲል ሰው ተነቃነቀ።

"አገኘው?"

"ምን አግኝቶ! ባዶ እጁን ነው።"

"ገና ሳይገባ? ፈራ እንጂ!"

"ሽማግሌ ምን ይሠራል እዚህ?"

ድሮ ቢሆን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር የሚያየው። አሁን አንድም ቃል አላመለጠችውም። ይህን ልሰማ ነው ጆሮዬን ያስለጠፍኩት አለ በልቡ። ወደ እትዬ አማረች ማየት አልደፈረም። ያደታ ጎትቶ ሲያወጣው በእጁ ወደ ጆሮው አመለከተና መዳፉን አወዛወዘ፤ ደህና አይደለም ማለት ነው። ያደታም፣ "ደግ አደረግህ" ብሎት ትከሻውን ጨበጥ አደረገ።

ትንሽ ቆይቶ ሚራክልም ወጣ። ምላሱ ያን ቀን አርፋለች። "ፋዘር፣ ምንም አይታይም። የራሴን እጅ አላየሁትም። በየት በኩል ልፈልገው?"

ጅብሪል ግን ውሃው ዳር፣ ልክ በርሜሉ ፊት እንደሚቀመጠው፣ ቁጢጥ ብሎ ጎንበስ ብሏል። "ሚራክል፣ ውሃውን አትነካካው" አለ። የሚራክል አረፋ እየተንጫጫ ወጥቶ አለቀ። ውሃው ረጋ። ጅብሪል ጠበቀ። ሰዉ ያጉረመርማል፤ እሱ ይጠብቃል። ያን ጊዜ በወዲያኛው ጥግ፣ ድንጋዩ እንደ ግድግዳ ከቆመበት ሥር፣ አንዲት አረፋ ብቅ አለችና ጠፋች። ቆየች። ሌላዋ ብቅ አለች። ደግሞ ቆየች። ደግሞ ብቅ አለች፤ እዚያው ላይ።

"ያደታ፣ ያቺን ታያታለህ?"

"የጭቃ አረፋ ነው ጋሽ ጅብሪል። ከሥር የበሰበሰ ነገር ያወጣዋል።"

"የጭቃ አረፋ ግር ብሎ ይመጣል፣ ግር ብሎ ይቀራል። ይቺ አትቸኩልም።" ጣቱን ወደ አረፋዋ ዘረጋ። "ይቺ የቤኪ የኋላ ጎማ ናት።"

"ፋዘር፣ ምን እያልክ ነው?" አለ ሚራክል።

"ዛሬ ጠዋት የሞላሁት እኔ ነኝ።"

ሚራክል መነጽሩን አጠለቀና በዋና ወደ ጥጉ ሄደ፤ በአረፋዋ አጠገብ ቀጥ ብሎ ወረደ። ገመዱን አሁን የያዘው ጅብሪል ነው። ልጅ ሳለ ባቡሩን በእግሩ ይሰማው እንደነበረ፣ አሁን ሚራክልን በመዳፉ ይሰማዋል። ወረደ፤ ቆመ፤ ዞረ። ከዚያ ገመዱ ጠንከር ብሎ ተሳበ። ጅብሪል ዓይኑን ጨፈነ።

ቤኪ ባጃጁ ውስጥ፣ መሪው ላይ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቱ እቅፍ ገባ። እትዬ አማረች ያን ጊዜ ነው የጮኹት፤ ከዚያ ጩኸት የሸሸ ወፍ ካባው ላይ አልቀረም። ጅብሪል ጆሮውን አልከደነም።

በሣልስቱ ከነዒማ ጋር ድንኳን ገብተው ተቀመጡ። ሰው ጋብ ሲል እትዬ አማረች ጠሩት፤ አጠገባቸው በርከክ አለ። ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የሚወጣው፤ የድሮው ጅብሪል ቢሆን አንዲት ፊደል አይሰማም ነበር።

"ስትወርድ ስትወጣ አይቼሃለሁ። ሁለት ልጅ ውሃ ውስጥ ሊቀርብኝ ነው ብዬ ነበር። ልጄን አፈር አለበስክልኝ። ክፉ አያሰማህ፣ ጅብሪል።"

"አሚን እትዬ" አለ። ጆሮውን ሳያውቀው ዳበሰ።

ወደ ቤት ሲመለሱ በባቡር ሐዲዱ በኩል ሄዱ፤ ባቡሩ ከቀረ ሣር በቅሎበታል። ነዒማ በጉሮሮዋ መንዙማዋን ጀማምራለች። ጅብሪል ቀስ ብሎ ቆመ።

"ነዒማ። ያኔ፣ የዚያ የቀን ሠራተኛ ጊዜ፣ እናትየው ፊቴ ቆማ አንድ ነገር ብላኝ ነበር። አጠገቤ ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"ምን ነበር ያለችኝ?"

ነዒማ ዞራ አየችው። "አልሰማሃትም?"

"አልሰማኋትም።"

"ይህን ሁሉ ዓመት?"

"ረግማኝ ነው ብዬ።"

ነዒማ አንገቷን ነቀነቀች፤ እንባዋ መጣ። "'አንተ እንኳን ወጣህልኝ' ነው ያለችህ። 'አንተም እናት አለችህ፤ አንተ እንኳን ወጣህልኝ።'"

ጅብሪል ሐዲዱ ላይ ቁጭ አለ።

"እኔስ ምን አልኳት?"

"አንተማ" አለች ነዒማ፣ "ቅንድብህን አንስተህ እሺ አልካት።"